በጊፋታ እሑድ ከቦምቤ የወጣችው ሕፃን

ወላይታ ደርሼ መምጣቴን የሰማ ሁሉ ስለ ዳሞታ ተራራ ይጠይቀኛል። አረንጓዴ ነው አይደል? ሥጋው ይጣፍጣል አይደል? አዎ፣ አረንጓዴ ነው። ዳሞታን ያየሁት ግን ከሆስፒታል መስኮት ነው፤ ሥጋውንም አልቀመስኩትም። ይህን የምጽፈው ወደዚያ ለማይሄዱ የደብረ ብርሃን ሰዎች ነው። የምጽፈውም ንዴቴ ሳይበርድ ነው። ከበረደ ግጥም ይሆንና ሰው ያጨበጭብለታል፤ ለዚህ ነገር ማንም እንዲያጨበጭብ አልፈልግም።

ረቡዕ

ምሕረት የሥራ ባልደረባዬ ናት። አንድ ልብስ ስፌት ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠን እንሰፋለን፤ አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። አገሯ ወላይታ፣ ቦምቤ ከምትባል ከተማ አጠገብ ነው። መስከረም ሲብት ሌላ ሰው ትሆናለች፤ ጊፋታ ይመጣላ። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ የትም የተበተነ ልጅ ለዚያ እሑድ ቤቱ ይገባል። ዘንድሮ «አንቺም ነይ፣ ሁልጊዜ ብርድና ገብስ ብቻ እያየሽ ምን ትጽፊያለሽ?» አለችኝ። ፈቃድ ጠየቅን፤ አገኘን።

ከደብረ ብርሃን በውርጭ ተነሣን። አዲስ አበባ አየር ጤና ስንደርስ ወደ ደቡብ የሚሄደው ሕዝብ አስፋልቱን ዘግቶታል። እኛ ለበዓል ወደ ቤት ስንሄድ ዶሮና ዘይት እንይዛለን። እነሱ ቤት ሙሉ ይዘው ነው የሚሄዱት፤ ስፖንጅ ፍራሽ፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ ቆርቆሮ። ከግንባታ ሥራ፣ ከሊስትሮ፣ ከሎተሪ አዟሪነት የተመለሱ ወጣቶች አዲስ ጫማ አድርገው ይዘፍናሉ። ረዳቱ ቦታ ያጣለትን ጥቅል ፍራሽ አምጥቶ ጭኔ ላይ ጫነው።

«የማን ነው ይሄ?» አልኩት።

«እስከ ሆሳዕና ያንቺ ነው» አለኝና ሄደ።

ቡታጅራ ለምሳ ስንወርድ ሁሉም ክትፎ አዘዘ። እኔ ረቡዕ እጾማለሁ። ምሕረት ጴንጤ ናት። «ጾመኛ ይዤ ጊፋታ ልገባ! አባቴ ምን ይለኛል?» እያለች በእኔ እየሳቀች በላች። ሆሳዕና ላይ የፍራሹ ባለቤት ተገኘ፤ ፊቱ ላይ የሲሚንቶ ብናኝ ገና ያልለቀቀው ልጅ ነው። ይቅርታ ብሎ ብቻ አልቀረም፤ የተጠበሰ በቆሎ ገዝቶ አበላኝ። ጀንበር ስትጠልቅ አረካ ደርሰን አንድ አልቤርጎ አደርን። እኛ ጋ በዚህ ወር ያለ ሁለት ብርድ ልብስ አይተኛም፤ አረካ ላይ አንሶላውንም ገፍፌ ጣልኩት።

ሐሙስ

ከአረካ ወደ ቦምቤ በሚኒባስ፣ ከቦምቤ ወደ መንደሩ በሞተር ሄድን። አፈሩ ቀይ ነው፤ ዝናብ ሲነካው ጫማን ይይዝና አልለቅም ይላል። የእኛ አገር ቤቶች ሜዳ ላይ ተገልጠው ነፋስ ይመታቸዋል። እዚህ ቤት ሁሉ በእንሰት ተከቦ ተደብቋል፤ ከፊቱ ደግሞ እንደ ምንጣፍ የታጨደ ሣር አለው።

የምሕረት አባት አቶ ባሳ ከሣሩ ላይ ተነሥተው በሁለት እጅ ጨበጡኝ። እግሬን በሞቀ ውኃ አጠቡኝ። እምቢ ስል የሚሰማኝ አልነበረም። ቀቅለው ያቀረቡልኝ ቦዬ የሚባል ሥር ከድንች ይከብዳል፤ ዳታ የሚሉት ማጥቀሻ እንባዬን አመጣው፣ እነሱ ሳቁ። ሙሉ ቤት ደግነት ነው።

ከዚያ ቤቴል መጣች። የምሕረት ታላቅ ወንድም የታምራት ልጅ ናት፣ ሦስት ዓመቷ። ምሕረት አነሣቻትና «ውይ! እንዴት ከበድሽ! ወፍራለች እኮ!» አለች። ቤቱ በሙሉ ደስ አለው። ከሁሉም በላይ ደስ ያላት እናትየዋ አስቴር ናት። አስቴር አማርኛ ብዙ አትችልም፤ የምትችለውን ግን በኩራት ነገረችኝ።

«አምና ከሲታ ነበረ ልጄ። ጤና ኬላ የለውዝ ቅቤ ሰጡ። በየወሩ መዘኑ። ከዚያ ጨመረ። ጨመረ፣ ጨመረ። እናቶችን ሰብስበው አጨበጨቡልኝ።»

በዚያ አገር ሰው የልጅ መክሳትን ይፈራል፤ ምክንያትም አለው። እንሰትና ስኳር ድንች ሆድ ይሞላሉ እንጂ ልጅ አያሳድጉም፤ ዝናብ በቀረ ዓመት ሕፃናት ይከሳሉ። ስለዚህ ሰው ሁሉ የሚያየው ሚዛኑን ነው። ሚዛኑ ከጨመረ ልጅ ድኗል፤ ይጨበጨባል፣ ከእርዳታው ይሰናበታል።

ከሰዓት በኋላ አስቴር ልጅቷን በሳፋ ስታጥብ ውኃ የማቀብለው እኔ ነበርኩ። ልብሷን አወለቀችላት። እጆቿ እንደ ቡና እንጨት ቀጥነዋል፤ የጎድን አጥንቷ ይታያል። ሆዷ ግን ተወጥሯል፣ ደም ሥሮቹ ሰማያዊ ሆነው ወጥተዋል፤ በቀኝ በኩል ከጎድኗ ሥር አንድ ነገር አብጦ ቆዳዋን ገፍቶታል። መዳፌን አስጠጋሁት። ድንጋይ ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ሕክምና አላውቅም። ግን እጄ ጨርቅና ብረት ይለያል።

ሚዛኑ ላይ የጨመረችው ልጅቷ አልነበረችም። ያ ነገር ነበር። ልጅቷ እየከሳች እሱ እየወፈረ ነበር፤ ሰዎቹም በየወሩ ያጨበጨቡት ለእሱ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ትል ነው» አለች አስቴር። «መድኃኒት ሰጥተዋል።»

«ወጣ?»

«አልወጣም። እንደገና ሰጡ።»

«ከዚያስ?»

«እንደገና።»

ታምራት የቦምቤ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነው፤ ሳይንስ ነው የሚያስተምረው። ማታ ራት ላይ ነገሩን ሳነሣበት «በዓሉ ይለፍና እናሳያታለን» አለ። ምሕረት በክርኗ ጎሸመችኝ። ዝም ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን ከደረስኩ ጀምሮ ያየሁት አንድ ነገር አለ፤ በዚያ ቤት እንግዳ የጠየቀው አይከለከልም። ውኃ ስል ወተት መጣ፤ ወንበር ስል አልጋ ተለቀቀ። ስለዚህ ወደ አቶ ባሳ ዞርኩ።

«አባባ፣ ሶዶን ማየት እፈልጋለሁ። ነገ ታምራትና አስቴር ያሳዩኝ። ቤቴልም ከእኛ ጋር ትምጣ፤ ወድጃታለሁ።»

«እንግዳ ከጠየቀ ምን ይደረጋል?» አሉ አቶ ባሳ። «ሂዱ፣ አሳዩዋት።»

ታምራት ገብቶታል። በዓይኑ ወጋኝ፤ ግን አባቱ ተናግረዋል።

ዓርብ

ሶዶ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ባጃጆቿ ቁልቁል ሲወርዱ ፍሬን ያላቸው አይመስሉም። ስለ ከተማዋ የማውቀው ይኸው ነው። ቀጥታ ኦቶና ወደሚባለው ሰፈር ወጣን፣ ሆስፒታል ገባን። ሰው ብዙ ነው። እኛ ጋ ሰው ወረፋ ሲጠብቅ ይጨቃጨቃል፤ እዚህ ተራቸውን ለታመመ ልጅ እየለቀቁ አሳለፉን። በመስኮቱ በኩል ዳሞታ ደመና ለብሶ ይታያል።

ሐኪሙ ወጣት ነው። የሆዷን መጠን አይቶ ሳይነካት በፊት ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

«እናት፣ ማበጥ የጀመረው መቼ ነው?»

አስቴር በወላይትኛ ለባሏ ነገረችው። «ከፋሲካ በፊት ነው ትላለች» አለ ታምራት።

«እስከ ዛሬ ምን አደረጋችሁ?»

«የትል መድኃኒት ተሰጣት።»

«ከዚያስ?»

«የትል መድኃኒት።»

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። «ከእንግዲህ ከዚያስ አልላችሁም» አለ። አልትራሳውንዱ ክፍል ወሰዳት፤ ቀዝቃዛውን ቅባት ሲቀባት ቤቴል ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ሲመለስ አማርኛውን ቀስ አድርጎ፣ አስቴር እንድትሰማው እያያት ተናገረ።

«ትል አይደለም። ጉበቷ ላይ የበቀለ ዕጢ ነው፤ ትልቅ ሆኗል። ናሙናው ሳይታይ ስሙን አልጨርስም። ግን በዚህ ዕድሜ የሚመጣ የጉበት ካንሰር አለ፤ ይሄ እሱን ይመስላል።»

ታምራት ፊቱ ጠቆረ። የመጀመሪያ ጥያቄው «ትድናለች?» የሚል አልነበረም።

«ጉበት የጠጪ በሽታ አይደለም እንዴ?» አለ። «ዶክተር፣ እኛ አማኞች ነን። አባቴ ቤት መጠጥ ገብቶ አያውቅም።»

«ከመጠጥ ጋር አይገናኝም። ከሠራችሁት ነገርም ጋር አይገናኝም። ሕፃን ሲፈጠር ጉበት መሆን የነበረበት ሥጋ አንዳንዴ መስመሩን ይስትና ዝም ብሎ ያድጋል። ስሙኝ፤ ይሄ ዓይነቱ ዕጢ መድኃኒት ይሰማል። መጀመሪያ በመድኃኒት ይቀንሳል፣ ከዚያ በቀዶ ጥገና ይወጣል። የዳኑ ልጆች አሉ። እዚህ ግን አልችልም፤ አዲስ አበባ ነው። ዛሬ ብትሄዱ ጥሩ ነው፣ ነገም ጥሩ ነው። የሚጎዳው መቆየቱ ነው።» ከዚያ ጣቱን አነሣ። «አንድ ነገር። ማንም ሆዷን አይጫን። አይታሽ፣ በቅቤም አይነካ። ቢፈነዳ ውስጥ ውስጡን ደሟ ይፈስሳል።»

ስንወጣ ታምራት ሐኪሙ ወደ አዲስ አበባ የጻፈልንን ሪፈራል አራት አድርጎ አጠፈና ለአስቴር ሰጣት። «ቤት ስንደርስ የጉበት ስም አታንሡ» አለን። «ሰው ሌላ ነገር ያስባል።»

በሳይንስ መምህር አፍ!

ቅዳሜ

በማግስቱ ለመንገድ የሚነሣ ሰው አልነበረም። በሬ ተጥሎ ነበር። ሴቶቹ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀሙትን ቅቤ አወጡ፤ ወንዶቹ ሥጋ ይከፋፍላሉ፤ ከሐዋሳም ከአዲስ አበባም የመጡ ዘመዶች ሣሩን ሞሉት። ለእኔ ጥሩውን መቀመጫ ሰጡኝ። ከአንድ ሰዓት ወደ ሌላው ንዴቴ እየጨመረ ሄደ፤ ደግሞ እንዲህ በሚያከብሩኝ ሰዎች ላይ መናደዴ ራሱ አናደደኝ። በመጨረሻ አቶ ባሳ ፊት ሄጄ ቆምኩ።

«አባባ፣ ቤቴል በጠዋት መሄድ አለባት።»

«ነገ ጊፋታ ነው።»

«ዕጢው ጊፋታን አያውቅም።»

አቶ ባሳ ቢላዋቸውን በቅጠል ጠረጉ።

«አንቺ ልጅ፣ ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ልብስ እሰፋለሁ።»

«ግጥምም ትጽፋለች» አለች ምሕረት፣ ነገሩን ለማብረድ።

«ገጣሚ! እኔ ደግሞ ሐኪም መስሎኝ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልተንቀሳቀስኩም። ሳቁ ሲያልቅ አጠገባቸው እንድቀመጥ መሬቱን በእጃቸው መታ መታ አደረጉልኝ። ተቀመጥኩ። ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ሞኝ መሰልኩሽ? ታምራት ነግሮኛል፤ ሐኪሙ ያለውን አውቃለሁ። የወንድሜን ልጅ በሆዱ ታሞ አዲስ አበባ ወሰዱት። በሳጥን መለሱት። እናቱ ፊቱን እንዳታይ ከለከሏት። ቤቴልም ትሂድ፣ እምቢ አላልኩም። ግን ዘመዶቿን አይታ፣ ከእጄ በልታ፣ ጊፋታ ሲያልቅ ትሂድ።»

«መቼ ነው የሚያልቀው?»

«ዘመድ ተጠያይቆ ሲጨርስ ነዋ።»

ዘመድ መጠያየቁ ሳምንታት እንደሚፈጅ ምሕረት ደብረ ብርሃን እያለን በደስታ አውርታልኝ ነበር። ያን ጊዜ ገባኝ። አቶ ባሳ ልጅቷን ለማሳከም አልነበረም ያሰቡት። ለመሸኘት ነው። በዓሉን እንደ ስንቅ ሊያስይዟት ነው።

«ገና በሕይወት አለች እኮ!» አልኳቸው። «በቁሟ ለምን ትሸኟታላችሁ?»

ቢላዋቸውን አንሥተው ወደ ሥጋው ዞሩ። ታምራት እዚያው አጠገባችን ነበር፤ ሥጋውን እየመተረ አንገቱን ደፋ። አባትየው ቢሳሳቱ ፈርተው ነው። እሱ ግን ሪፈራሉን በእጁ ይዟል፤ ሐኪሙን በጆሮው ሰምቷል። ከሁሉ በላይ የተናደድኩት በእሱ ነው።

እሑድ

በማለዳ መዝሙር ተዘመረ፣ ጸሎት ተደረገ። ከዚያ ትሪው፣ ቢላዋው፣ ዳታው ወጣ። ቤቴልን አዲስ ቀሚስ አልብሰው በዘመዶቿ መሐል አስቀመጧት። በየተራ ይስሟታል፤ በየተራ «እንዴት ወፈረች!» ይላሉ። እሷ ግን የሰጧትን ሥጋ በእጇ ይዛ አትበላም። ፊቷ ገረጣ፤ ጎኗን ይዛ ማልቀስ ጀመረች።

የአቶ ባሳ እህት አሮጊት ናቸው፤ መንደሩ ሁሉ የታመመ ሆድ የሚያመጣው ለእሳቸው ነው። ልጅቷን ጭናቸው ላይ አጋደሙ፣ ቅቤ በመዳፋቸው አቅልጠው እጃቸውን ዘረጉ። ታምራትን አየሁት። አየኝ። ቢላዋውን አነሣና ወደ ትሪው ዞረ።

«አትንኪያት!»

የጮህኩት እኔ ነኝ። አያት የሚሆኑኝን ሴት አንቺ ብዬ። ጮኼም አልቀረሁም፤ እጃቸውን ያዝኩ፣ የቅቤው ጣባ ተገልብጦ ቀሚሳቸው ላይ ፈሰሰ። ሣሩ ላይ የነበረው ሰው በሙሉ ቆመ። አሮጊቷ አልተቆጡም፤ እጃቸውን እያዩ ማልቀስ ጀመሩ፤ ስድብ ይሻለኝ ነበር። ምሕረት ክንዴን ይዛ ጎትታ አወጣችኝ። ሻንጣዬን ከቤት አምጥታ እግሬ ሥር ጣለችው።

«በጊፋታ! በአባቴ ቤት!»

«ሐኪሙ አይታሽ ብሏል፤ ወንድምሽ ሰምቷል፣ ጠይቂው።»

«ሂጂ» አለች። «እባክሽ ሂጂልኝ።»

ሻንጣዬን ተሸክሜ በእግሬ ወደ ቦምቤ ወረድኩ። የመንገዱ ግራና ቀኝ በሬ የተጣለበት ግቢ ነው፤ በየአጥሩ ሰው ብቅ እያለ «እንግዳ! ነይ፣ ብዪ!» ይለኛል። አንድ ሽማግሌ ሥጋ በኮባ ቅጠል ይዘው መንገድ ድረስ ተከተሉኝ። ደብረ ብርሃን በበዓል ቀን ሻንጣ ይዛ የምታለቅስ ሴት ብትታይ በር ይዘጋባታል። እዚህ ማንም እንድራብ አይፈቅድም። ማንም። ያቺ ልጅ ግን በመሐላቸው እያለቀች ነው። ዘወር ብዬ በሁሉም ላይ መጮህ አማረኝ። ለሽማግሌው «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ አለፍኩ።

መናኸሪያው ባዶ ነው። አንድ ሚኒባስ ብቻ ቆሟል፤ ሹፌሩ ወንበር ላይ ተጋድሟል።

«አረካ ትሄዳለህ?»

«ዛሬ ከዚህ ማን ይወጣል? እብድና የምትወልድበት ያጣች ነፍሰ ጡር ብቻ ነው» አለኝ። «አንቺ የትኛዋ ነሽ?»

«እብዷ።»

ሳቀና በሩን ከፈተልኝ። ከረጅም ጊዜ በኋላ ይመስለኛል፣ ከቀዩ መንገድ ላይ አንዲት ሴት በፍጥነት ስትመጣ አየሁ። አስቴር ናት። ቤቴልን በፊት በኩል አቅፋታለች፤ በጀርባ ብታዝላት ሆዷ ስለሚጫን ነው። ሐኪሙ አትዘያት አላላትም፤ ራሷ ያሰበችው ነው። ሌላ የያዘችው ነገር የለም፤ ሪፈራሉ ደረቷ ውስጥ ነው።

«አዲስ አበባ ሆስፒታሉን ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«አላውቀውም።»

«እኔም አላውቅም። እንሂድ።»

ሹፌሩ ልጅቷን አየና ሞተሩን አስነሣ። ገና ከመናኸሪያው ሳንወጣ ታምራት በሞተር ብስክሌት ደርሶ ፊታችን ቆመ። ወርዶ መስኮቱን ይዞ በወላይትኛ መጮህ ጀመረ። አስቴርም ጮኸች፤ ድምፅ እንዳላት እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

«ምን እያላት ነው?» አልኩት ሹፌሩን።

«አባቴን ምን ብዬ አየዋለሁ ይላል።»

«እሷስ?»

«ልጅህን ምን ብለህ ነው የምታያት ትለዋለች።»

«አሁንስ?»

«አሁን ስድብ ነው። ይሄንን አልተረጉምም፤ ጊፋታ ነው።»

ከዚያ ታምራት መስኮቱን ለቀቀ። ብስክሌቱን ገፍቶ በዓል ሳይል በር ከፍቶ ለነበረ አንድ ባለ ሱቅ ቁልፉን ሰጠውና ተመልሶ ከኋላችን ገባ። አረካ ላይ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ አውቶቡስ አገኘን። ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ገብቷልና ሦስት አራት ሰው ብቻ ነው የያዘው፤ ቤቴልን ሙሉ ወንበር ላይ አስተኛናት። ከፊት ለፊት ዘግይተው የሚመጡት መኪኖች ጣራቸው ድረስ ተጭነው እየዘፈኑ ያልፉናል።

ቡታጅራ አደርን። የማደሪያዋ ባለቤት ልጅቷን አይታ ምንም አልጠየቀችም፤ የራሷን አልጋ ለቀቀችልንና ወተት አፍልታ አመጣች። ቤቴል ጠጥታ አስመለሰች። ታምራት ወለሉን በራሱ ሸሚዝ ጠረገው።

ሰኞ

አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታሉን ማግኘት አልከበደም፤ መግባት ነው የከበደው። ዘበኛው ወደ አንድ መስኮት ላከን፤ መስኮቱ ወደ ሌላ መስኮት። ሁለተኛው መስኮት ላይ ያለው ሰው ቀና ሳይል «አልጋ የለም፣ ስልክ ትታችሁ ሂዱ» አለ። ወዴት ነው የምንሄደው? አስቴር አልገባትም ነበርና «እሺ» ልትል ነበር። ታምራት ግን ሰማ። ከቦምቤ ጀምሮ ያመቀውን ሁሉ እዚያ መስኮት ላይ አወጣው።

«ቀና በልና ልጄን እያት!» አለ። «ሁሉም ሰው ሳያያት ነው እዚህ የደረስነው። አንተ እያት!»

ሰው ተሰበሰበ። አንዲት ሐኪም በኮሪደሩ ስታልፍ ጩኸቱን ሰምታ ቆመች። የቤቴልን ቀሚስ ገለጥ አድርጋ አየች፤ ሳትጫን፣ በጣቷ ጫፍ ብቻ። ከዚያ አቅፋ ይዛት ገባች።

ክፍሉ ውስጥ አንድ አልጋ ላይ ሁለት ሕፃን ይተኛል። ፀጉራቸው ያለቀ ሕፃናት ኳስ ይንከባለላሉ። ከጎንደር የመጣች እናት፣ ከጅማ የመጣ አባት፣ ከባሌ የመጣች አያት አሉ። ቤቴል አልጋ የተጋራቻት ልጅ እናት «የእኛንም ትል ነው ብለውን ነበር» አለችኝ። ከጅማ የመጣው አባት ደግሞ «የእኛን ጣፊያ ነው አሉ፣ በጋለ ብረት ተኮሱት» አለ። ለካ ንዴቴን ወላይታ ላይ መጣሌ ልክ አልነበረም። አገሩ በሙሉ አንድ ሆድ አይቶ በየቋንቋው ያልፈዋል።

ማክሰኞ

ሐኪሟ ታምራትንና አስቴርን ጠርታ ቤቴል ማታ የተነሣችውን ፊልም በመስኮቱ ብርሃን አሳየቻቸው። እኔም በር ላይ ቆሜ ሰማሁ። ዕጢው በጉበቷ ቀኝ በኩል ነው፤ ግራው ለጊዜው ንጹሕ ይመስላል። ሳንባዋ ላይ አልታየም። ናሙና ይወሰዳል፣ ከዚያ መድኃኒት፣ ከዚያ ዕጢው ካነሰ ቀዶ ጥገና።

«ዘግይታችኋል» አለች። «ግን አልረፈደም። ትድናለች ብዬ አልምልም፤ እንሞክራለን ብዬ ግን እምላለሁ።»

አስቴር በባሏ በኩል ብዙ ጠየቀች፤ ቀጣዩን ጥያቄ ባሏ ሳይተረጉምላት በራሷ አማርኛ ጠየቀች። ሐኪሟም ወንበር ስባ ተቀመጠችላት።

ፈቃዴ አልቆ ነበርና ለመሰናበት ቤቴል ጋ ሄድኩ። እጇ ላይ ግሉኮስ ተሰክቶላት ተቀምጣለች። የታምራት ስልክ ጮኸ፤ አባቱ ናቸው። አንድ ሁለት ቃል ተነጋግረው ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ።

«አንቺ ልጅ» አሉ አቶ ባሳ። «እህቴን አስለቅሰሽ ሄድሽ።»

«አዎ አባባ። ይቅርታ ይበሉልኝ።»

«ሥጋሽንም ሳትበዪ ሄድሽ። እንግዳ ከቤቴ ጦሙን ወጥቶ አያውቅም።»

ከኋላቸው የሰው ድምፅ፣ የሳህን ድምፅ ይሰማል፤ ዘመድ መጠያየቁ አላለቀም።

«ልጅቷ በላች?» አሉ።

«ጠዋት ትንሽ በልታለች።»

«ምን?»

«እንጀራ በሽሮ።»

«በጊፋታ ሽሮ አበላችኋት!» ብለው ጮኹ። ጩኸቱ መሐሉ ላይ ተሰበረ። ከዚያ ቀስ ብለው «አገናኚኝ» አሉ።

ስልኩን ቤቴል ጆሮ ላይ ያዝኩላት። አዳመጠች። ግሉኮስ ያልተሰካበትን እጇን አንሥታ ስልኩን ራሷ ያዘችውና በወላይትኛ አንድ ነገር ተናገረች፣ ኮስተር ብላ። ጠበቀች። ደግማ ተናገረች። ከዚያ ስልኩን መለሰችልኝ።

«ምን አለቻቸው?» አልኳት አስቴርን።

«ሁላችንም እዚህ ነን፣ አንተ ለምን አልመጣህም አለች።»

«እሳቸውስ ምን አሏት?»

«ምንም አላለም» አለች አስቴር።

ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት። አልዘጉትም ነበር።